«ምንድነው የወሰደችው?» ስንላችሁ እውነቱን ንገሩን

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መርዝ ነው። ርዕሱ ደስ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ ሰበታ አካባቢ ዲዩቲ ማደር ከጀመርኩ ወዲህ በመርዝ የመጣ ሰው ሳላይ ያለፈ ወር ትዝ አይለኝም።

አንድ ሌሊት ላንሳላችሁ (ሰዎቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀያይሬያለሁ)። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት እህቱን በባጃጅ ይዞ መጣ። «ምን ሆና ነው?» ስለው «ምግብ ነው ዶክተር፣ የበላችው አልተስማማትም» አለኝ። ልጅቷ ግን በላብ ርሳለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ የዓይኗ ብሌን ጠቦ የመርፌ ጫፍ አክሏል። ምግብ እንዲህ አያደርግም። ደግሜ ጠየቅኩት፣ ያው መልስ። ምልክቱን አይተን ሕክምናውን ጀመርን እንጂ ምን እንደወሰደችና መቼ እንደሆነ አናውቅም ነበር። ነርሷ ኮሪደር ላይ ለብቻው ስታናግረው ነው እያለቀሰ ስለ ፀረ ተባዩ የነገራት።

ኦርጋኖፎስፌት ይባላል። ማላታዮን የምትሉት ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ሰውነታችን ውስጥ የነርቭን መልእክት «በቃ» ብሎ የሚያቆም ኢንዛይም አለ፤ መርዙ እሱን ያግደዋል። መልእክቱ ሳይቋረጥ ሲቀር ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ ተቅማጥ በአንዴ ይመጣሉ፤ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፤ የመተንፈሻ ጡንቻ ይደክማል። አትሮፒን የምንሰጠው ሳንባው እስኪደርቅ እየደጋገምን ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ታካሚው ነቅቶ ማውራት ከጀመረ በኋላም ከ1 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የመተንፈሻ ጡንቻው እንደገና ሊዝል ይችላል። «ተሽሏታል፣ ወደ ቤት እንውሰዳት» ስትሉን እምቢ የምንለው ለዚህ ነው፤ አልጋ ለማስከፈል አይደለም!

ፀረ ተባይ በቆዳም ይገባል። ለቅማል ብሎ የልጅ ፀጉር መቀባት፣ ለትኋን ፍራሽ ላይ ረጭቶ እዚያው መተኛት አደገኛ ነው። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቁና ገላን በብዙ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የምታጥቡት ሰዎች ጓንት፣ ከሌለ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጉ።

እነ ጥቁር አንበሳን በመሳሰሉ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶችን ስታዩ፣ በአዋቂዎች ላይ ከፊት የሚመጡት የቤት ማጽጃዎች፣ በተለይ በረኪና፣ እና ኦርጋኖፎስፌት ናቸው። አብዛኞቹ ታካሚዎች ወጣቶች ናቸው። አብዛኞቹም በስህተት የወሰዱ አይደሉም። ቤተሰብ የሚዋሸንም እዚህ ላይ ነው፤ ፖሊስ ይፈራል፣ የጎረቤት ወሬ ይፈራል።

ስለ ፖሊሱ ልንገራችሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ራሱን ለማጥፋት የሞከረን ሰው አይቀጣም። አንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ለዚህ ያነሳሳውን ወይም የረዳውን ነው። ስለዚህ እህታችሁን ለማትረፍ መዋሸት አያስፈልጋችሁም።

ቤታችሁ ውስጥ «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ሰው ካለ ቁጣና ምክር አታስቀድሙ፤ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ ስሙት፣ ብቻውን አትተዉት፣ ወደ ሕክምናም ይዛችሁት ሂዱ። የሚረጨውንም ከቤት አውጡት። «የፈለገ ሌላ አያጣም» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ስሪላንካ አደገኛ የሆኑ ፀረ ተባዮችን በየጊዜው ከገበያ ካወጣች በኋላ፣ ከ1995 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ልጆች ጋ ስንመጣ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚህ ጥፋተኛው ሃይላንድ ነው። በረኪናም፣ ላምባም የምንቀዳው በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ነው። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ ሃይላንድ ካየ ውሃ ነው የሚመስለው። ከዚያ አያት ይደነግጡና ወተት ይግታሉ፣ ጣት ከተው ያስመልሳሉ። እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ልጁን ይጎዳዋል። ላምባ ሲያስመልሱት ወደ ሳንባ ይገባል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረንም ሆዱ ሳይሆን ሳንባው ነው። የሚያቃጥል ማጽጃ ደግሞ ሲወርድ ያቆሰለውን ጉሮሮ ሲመለስ ድጋሚ ያቆስለዋል። ወተት ማርከሻ አይደለም፤ ሲበዛም ያስመልሳል። አታስመልሱ፣ በአፉ ምንም አትጋቱት፣ ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኙትና ቶሎ አምጡት።

የከሰሉን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፣ በተለይ ለሱሉልታ ሰዎች፤ ብርዳችሁን አውቀዋለሁ። ጭሱ ካለቀ በኋላም የቀላው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም። አንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንዴ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራቸው ጉንፋን ነው አትበሉ፣ ውጡ። ጣት ላይ የምናደርጋት የኦክስጅን መለኪያ እንኳ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማትለይ «ደህና ነው» ትላለች። ከሰል ቤት ውስጥ እንደነበር ካልነገራችሁን ሊያመልጠን ይችላል። ማንደጃውን ይዞ መተኛት ይቅር፤ ብርድ ልብስ ደርቡ።

ስትመጡ ጠርሙሱን ወይም ማሸጊያውን በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ካልተመቸ ጽሑፉን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነም ንገሩን። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ከዘገየ ግን ያገኛችሁት ባጃጅም ይበቃል።

ልጅቷ በስድስተኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት የሥነ አእምሮ ባለሙያ አይቷት ቀጠሮ ሰጥቷታል። ወንድሟ ቀኑን ስልኩ ላይ አላርም ሞልቶ ነው የሄደው።