ከመርከብ ወርዶ ወዴት? የቀድሞ ባሕረኞች በየብስ ላይ ስላላቸው የሥራ ዕድል

መግቢያ

እንደሚታወቀው አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ባሕረኞች ግን አሏት። የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1964 ከተቋቋመ ወዲህ ብዙ ወገኖቻችን ከባሕር እንጀራ በልተዋል። ይሁን እንጂ ዕድሜ ልኩን መርከብ ላይ የሚኖር የለም። ትዳር ይመጣል፣ ወላጅ ይታመማል፣ ጤናም ይጎድላል። ታዲያ ባሕረኛው ወደ አገሩ ሲመለስ ምን ይሥራ? ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ ባጭሩ ይዳስሳል።

አንድ ምሳሌ

የአጎቴ ልጅ በጭነት መርከብ ላይ ቺፍ ኦፊሰር ነበር። እናቱ ስትታመም ሥራውን ትቶ መጣ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የትራንዚት ቢሮ ሲያመለክት ጠያቂው ማስረጃውን አገላብጦ «እኛ ጋ እኮ መርከብ የለም» አለው። ሲቪውን ሳየው የመርከቦች ስምና ቶን ብቻ ነው የተጻፈበት። የሠራው ሥራ የለም! ችግሩ የችሎታ ሳይሆን የትርጉም ነበር።

የባሕሩ ሥራ በየብስ ቋንቋ

1ኛ. ጭነት ማደላደል፦ ቺፍ ኦፊሰር ከባዱን ከታች፣ ቀድሞ የሚወርደውን ከላይ፣ አደገኛውን ደግሞ ለብቻ ያስቀምጣል። የሞጆ ደረቅ ወደብም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ቀድሞ የሚወጣው ኮንቴይነር ከታች ከተቀበረ ማንሻው ሌሎቹን በከንቱ ሲያነሳ ይውላል።

2ኛ. ሰነድ፦ ዕቃ ሲጫን ጉዳቱን በደረሰኝ ላይ የሚመዘግበው መርከበኛው ነው። «ካርቶኑ ተቀዷል» የምትል ማስታወሻ ወደ ቢል ኦፍ ሎዲንጉ ከተላለፈች፣ ሰነዱ ንጹሕ ስላልሆነ ባንክ በኤልሲ ክፍያውን ሊከለክል ይችላል። የአንዲትን ቃል ዋጋ የሚያውቅ ሰው ለትራንዚት ቢሮ ትልቅ ሀብት ነው።

3ኛ. ጊዜ፦ መርከቡ መቼ ደረሰ፣ ዝናብ መቼ ሥራ አስቆመ የሚለው በሰዓት ይመዘገባል። የዲመሬጅ ክርክር የሚፈታው በዚህ መዝገብ ነው። የመርከብ ወኪልና የጭነት መርማሪ የዕለት ሥራም ይኸው ነው።

የመርከብ መሐንዲሶች ደግሞ ክሬን፣ ጄኔሬተርና ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር ያሉበት ሁሉ ይፈለጋሉ።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

እርግጥ ልምዱ ብቻውን አይበቃም። የጉምሩክ ሕግና አሠራር እንደ አዲስ መማር ያስፈልጋል። ባሕር ላይ ትእዛዝ ይከበራል፤ እዚህ ግን ጅቡቲ ደጋግሞ መደወል፣ ሹፌር መለመን፣ ነጋዴ ማግባባት አለ። ደመወዙም መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል።

ሌላው ምስክር ወረቀቱ ነው። በዓለም አቀፉ የባሕረኞች ስምምነት መሠረት የመኮንን ሰርተፊኬት በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል። ለዚህም ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ በድምሩ 12 ወር የባሕር አገልግሎት፣ ወይም ተመጣጣኝ ሥራ፣ ፈተና ወይም ሥልጠና ይጠየቃል። ስለዚህ «እስቲ ትንሽ ልረፍ» ብሎ ቀኑን መርሳት የመመለሻውን በር መዝጋት ነው።

ማጠቃለያ

የአጎቴ ልጅና እኔ ሲቪውን አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን እንደገና ጻፍነው። ከመርከቦቹ ስም ሥር ያደላደለውን፣ የፈረመውንና የመዘገበውን ሁሉ ዘረዘርን። በሌላ ቢሮ ውስጥ በሰነድ ክትትል ተቀጠረ፤ ደሞዙ ከቀድሞው ያንሳል፣ ማታ ግን እናቱ ጋ ይገባል። እኛም የሎጂስቲክስ ተማሪዎች በመጽሐፍ የምናነበውን በእጃቸው የሠሩ ሰዎች አጠገባችን ስላሉ፣ ጠይቀን ብንማር እንጠቀማለን እላለሁ።