ጸጋ ወንፈል አይደለም

የሚነበብ ክፍል፦ ኤፌሶን 2፥1-10፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥7-11



ከጣና ምዕራብ፣ በቁንዝላና በአቸፈር ገጠር፣ ገበሬው በወንፈል ይሠራል። ዛሬ እኔ የአንተን ማሳ ባርም ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፤ ቀን በቀን ይመለሳል። መልካም ልማድ ነው፤ ስንቱን ቤት ከአጨዳ ጭንቀት አውጥቷል። ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ መመለስ የማይችል ሰው አይገባበትም። በሬም ጉልበትም የሌላት መበለት ብድሩን በምን ትመልሳለች? መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቱን ከመካፈል በቀር ምርጫ የላትም።

ብዙዎቻችን የእግዚአብሔርን ጸጋ በወንፈል ዓይን እናየዋለን። እርሱ ልጁን ሰጠን፣ እኛም በአገልግሎት እንመልስለታለን እንላለን። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን የኤፌሶንን ምእመናን የቀድሞ ኑሮ ከሞት ጋር ያመሳስለዋል። የሞተ ሰው ምን ብድር ይመልሳል? በቁጥር 8 እና 9 መዳን ስጦታ እንጂ የሥራ ዋጋ አለመሆኑን ያስረዳል፤ ከዚያ በቁጥር 10 ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን ይናገራል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። እግዚአብሔር የሚታረም ማሳ የለውም፤ ጎረቤታችን ግን አለው።

ይህ ለፕሮጀክት ሠራተኛ የዕለት ጉዳይ ነው። ዘር ለሚታደላቸው ሰዎች ስም ዝርዝር ስናዘጋጅ፣ «ይህ ሰው ወደ ጸሎት ቤታችን ይመጣ ይሆን?» የሚል ሐሳብ በልባችን ከገባ ስጦታው ወንፈል ሆኗል። ተቀባዩም ወዲያው ያውቀዋል። በስንዴ ምክንያት ሃይማኖት ሲለወጥ ያየ ሰው ወንጌልን እንደ ሸቀጥ ቢቆጥረው፣ በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ጴጥሮስ መጋቢዎች ይለናል፤ መጋቢ ደግሞ የሚያድለው የጌታውን ንብረት ነው፤ በራሱ ስም የብድር መዝገብ አይከፍትም።

እንግዲህ ስለ ክርስቶስ ዝም ብለን ዘር ብቻ እናድል ማለት ነውን? አይደለም። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ለልማት በቀላሉ የሚገኘው ገንዘብ ለወንጌል ሥራ አለመገኘቱን አንሥታ፣ የሰው ሥጋና ነፍስ ተለያይተው ሊታዩ እንደማይገባ አስገንዝባለች። በዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሳለ ምእመናኑን ትተው አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ።

ከእኛ የሚጠበቀው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ያነሰ፣ ግን የሚያሰለች ነገር ነው። በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በጣና ላይ የታየውን እምቦጭ አስቡ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳር ያሉ ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ነቅለውታል፤ ዘሩ በጭቃው ውስጥ ስለሚቆይ ተመልሶ ይበቅላል፤ እነርሱም ተመልሰው ይነቅላሉ። በቁንዝላ በኩል ቀረሶና አምባዛ የሚያጠምደው ሰው ከድካማቸው ይጠቀማል፤ ፊታቸውን ግን አያውቅም፣ ቀኑንም አይመልስላቸውም።

ለውይይት፦

በአጥቢያችሁ ወንፈል የማይገባ ማን አለ? በዚህ ሳምንት ለማሳው፣ ለውኃው ወይም ለታመመ ልጁ ምን ልታደርጉለት ትችላላችሁ? ካደረጋችሁለት በኋላ ሰላምታ እንኳ ባይሰጣችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ትመለሳላችሁን?