የጅረትን ጤንነት ከድንጋዩ ሥር መመርመር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የሚወርዱ ጅረቶች ክረምቱ ሲወጣ ጠርተው ስለሚታዩ ጤነኞች ይመስሉናል። የውኃ መጥራት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ወደ ጅረቱ ገብተን ድንጋይ እየገለበጥን ሥሩን እንመለከታለን፤ በዚህ ሥራ የእረኞች ዓይን ከእኛ ይልቅ ፈጣን ነው። ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጅራት ያላቸው፣ በሆዳቸው ጎን በተደረደሩ ስንጥቦች የሚተነፍሱ እጮች ከተገኙ ውኃው በቂ ኦክስጅን እንዳለው ያመለክታሉ። እነርሱ ጠፍተው ቀያይ ትሎች ብቻ ከበዙ ግን እበት ወይም ሌላ ብስባሽ ኦክስጅኑን እንዳመናመነው እንጠረጥራለን። የትሎቹ ቅላት በደማቸው ካለው ሄሞግሎቢን የመጣ ነውና፣ ሌሎች በማይችሉት ውኃ ይኖራሉ። ከብቶች ከሚጠጡበት ሥፍራ በላይና በታች ያለውን ማነጻጸር ይገባል። በክረምት ጎርፍ እጮቹን ስለሚጠርግ ጊዜው አይመረጥም። እጮቹ ቢገኙም፣ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩምና ውኃው ሳይፈላ አይጠጣ።