የሕግ ምክር፦ ውሻዎን ለማቆያ ሰጥተው አገር ቤት ሲሄዱ

ገና ሲቃረብ ካሊፎርኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን ብዙዎቹ አገር ቤት ለመግባት ትኬት ይቆርጣሉ። ገናን ከቤተሰብ ጋር፣ ጥምቀትን ጃንሜዳ ወይም ጎንደር አክብሮ ለመመለስ ሦስት ሳምንት እንኳ አይበቃም። የትኬቱ ዋጋ፣ የሻንጣው ኪሎ፣ ለዘመድ የሚያዘው ሁሉ ታስቦ ሲያልቅ የውሻው ነገር ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል። ያኔ ፈረንጆቹም ለበዓላቸው ስለሚጓዙ ደህና ደህናዎቹ ማቆያዎች ሞልተዋል። ቦታ ተገኘ ብሎ ደስ ብሎት፣ የቀረበለትን ውል ሳያነብ ፈርሞ የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የዛሬው ምክሬ ስለዚያ ውል ነው። የምጽፈው ስለ ካሊፎርኒያ ሕግ ብቻ ስለሆነ ሌላ ስቴት ያላችሁ የየስቴታችሁን ሕግ አጣሩ።

በጣም ከሚያሳስበኝ ልጀምር። የካሊፎርኒያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1834.5 እንደሚለው፣ ለማቆያ ወይም ለእንስሳት ሐኪም የተሰጠ እንስሳ መጀመሪያ ሊወሰድ ከተቀጠረበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀናት ውስጥ ባለቤቱ ካልወሰደው እንደተጣለ ይቆጠራል። እሑድና በዓል አይቀነስም። ከዚያ በኋላ ማቆያው ቢያንስ ለ10 ቀን አዲስ ባለቤት መፈለግ ወይም ሊቀበለው ለተስማማ መጠለያ ማስረከብ አለበት። ተቀባይ ከጠፋ ሕጉ እንስሳውን ያለ ሥቃይ እስከ መግደል ድረስ ይፈቅዳል። ይህን የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ማቆያው ውስጥ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ወይም በደረሰኙ ላይ ጎላ ብሎ መጻፍ አለበት፤ ግን ሻንጣ መኪና ውስጥ ትቶ የሚጣደፍ ሰው ይህን ቆሞ አያነብም።

አገር ቤት የሄደ ሰው ደግሞ በቀጠሮው ቀን ላለመመለሱ ምክንያት አያጣም። እናት ይታመማሉ፣ ለቅሶ ይገጥማል፣ በረራ ይሰረዛል፣ ፓስፖርት ይጠፋል። ስለዚህ ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ እንደሚዘገዩ እንዳወቁ፣ ቀኑ ሳያልፍ፣ ለማቆያው በኢሜይል ጽፈው አዲስ የመረከቢያ ቀን ይጠይቁ፤ «ተስማምተናል» የሚል የጽሑፍ መልስም ይቀበሉ። ሕጉ 14ቱን ቀን የሚቆጥረው መጀመሪያ ከተቀጠረበት ቀን ስለሆነ፣ ውሉ ራሱ በአዲሱ ቀን መቀየሩን የሚያሳይልዎ ይህ ጽሑፍ ነው። ሁለተኛ፣ እዚያው ካሊፎርኒያ የሚኖር የሚያምኑትን ሰው በውሉ ላይ ያስመዝግቡ። «እኔ ባልደርስ እገሌ ውሻዬን ይረከባል፣ ሂሳቡን ይከፍላል፣ ስለ ሕክምናውም በእኔ ፈንታ ይወስናል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከስልክ ቁጥሩና ከሁለታችሁ ፊርማ ጋር ይበቃል። ይህ ለድንገተኛ ሕክምናም ይጠቅማል፤ በክረምት ሎስ አንጀለስ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ሐኪሙ ለቀዶ ሕክምና ፈቃድ ሲፈልግ እርስዎ ተኝተው ሊሆን ይችላል።

አሁን ማቆያው ራሱ ምን ግዴታ እንዳለበት እንይ። ቁጥር 1834 እንስሳ በአደራ የተቀበለ ሰው አስፈላጊውን ሕክምና ሳይዘገይ፣ ምግብና መጠለያም እንዲሰጠው፣ በደግነትም እንዲይዘው ያዛል። ይህን ካልፈጸመ በካሳ ሊጠየቅ ይችላል። ከጥር 2017 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀምሮ ደግሞ አራትና ከዚያ በላይ እንስሳትን በክፍያ የሚያሳድሩ ማቆያዎችን የሚገዛ የተለየ ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት ማቆያው በየትኛው ቀንና ሰዓት ሠራተኛ እንደሚኖር፣ ውሻዎ የሚያድርበት ክፍል ስንት ስኩዌር ፊት እንደሆነ፣ የቀኑ ውሎ ምን እንደሚመስል በጽሑፍ ሊነግርዎ ይገባል። ያለ እርስዎ ፈቃድም ውሻዎን ከሌላ እንስሳ ጋር በአንድ ክፍል ማሳደር አይችልም። ማቆያ ሲመርጡ ይህን ወረቀት ይጠይቁ። ሳይቸገር አውጥቶ የሚሰጥዎ ማቆያ ሕጉን ያውቃል ማለት ነው። «እሱን ተዉት፣ እኛ ጋ ሁሉም ደህና ነው» የሚልዎትን ግን አልመክርዎትም፣ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም እንኳ።

በስልክ መተግበሪያ የሚገኙ፣ ሁለት ሦስት ውሻ በቤታቸው የሚያሳድሩ ሰዎች የዚህ የተለየ ሕግ ግዴታ የለባቸውም። የአደራ ሕጉ ግን ይይዛቸዋል፤ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ተራ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ውሻውን የአክስት ልጅ ጋ በነጻ ከተዉት ነገሩ ይለያል፤ ሕጉ ከነጻ አደራ ተቀባይ የሚጠብቀው አነስተኛ ጥንቃቄ ብቻ ነው። ዘመድ ጋ አትተዉ ማለቴ አይደለም፤ ለውሻው የሚሻለው ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ሰው ነው። አንድ ነገር ቢደርስ ግን በሕግ የሚያገኙት ትንሽ መሆኑን አውቀው ይወስኑ።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው አንቀጽ ቁጥር 1840 ነው። አደራ ተቀባይ በቸልተኝነቱ የሚከፍለው ካሳ፣ የንብረቱ ዋጋ ነው ተብሎ ከተነገረው ወይም ራሱ ሊገምት ከሚችለው በላይ አይሆንም ይላል። ሕጉ ውሻን እንደ ንብረት ነው የሚያየው፤ ለብዙዎቻችን ከባድ ቢሆንም እውነታው ይኸው ነው። ከመጠለያ የወሰዱት ውሻ በገበያ ዋጋው ጥቂት ነው። በ2012 አንድ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሌላ ሰው ውሻዎን ቢጎዳ ተገቢ የሆነ የሕክምና ወጪ ከውሻው የገበያ ዋጋ ቢበልጥም ሊመለስልዎ ይችላል ብሏል። ማቆያው ግን በ1840 ሊከላከል ይሞክራል። ስለዚህ ውሻውን ከማስረከብዎ በፊት እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ «ውሻዬ ቢጎዳ ለማሳከም እስከ 8,000 ዶላር እንደማወጣ፣ ለእኔ ያለው ዋጋም ከዚህ እንደማያንስ እንድታውቁ።» ቁጥሩ የእርስዎ እውነተኛ ቁጥር ይሁን። ይህች ኢሜይል «አላወቅንም» የሚለውን መከራከሪያ በእጅጉ ታዳክማለች። ስለ ሐዘንዎ ካሳ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ በ2009 በታየ የእንስሳት ሐኪም ቸልተኝነት ጉዳይ ይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለባለቤቷ የመንፈስ ጉዳት ካሳ አልፈቀደም።

«ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ አይደለንም» የሚለው ሐረግ በሁሉም ውል ላይ አለ። አይደንግጡበት፤ አይናቁትም። ቀላል ቸልተኝነትን ሊሸፍን ይችላል። ማታለልን፣ ሆነ ብሎ ጉዳት ማድረስን፣ ሕግ መጣስን ግን እንዲሸፍን ቁጥር 1668 አይፈቅድም። ከባድ ቸልተኝነትንም አስቀድሞ በውል ማስቀረት እንደማይቻል የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ወስኗል። በፀሐይ በጋለ መኪና ውስጥ የተረሳ ውሻ ቀላል ቸልተኝነት ነው የሚል ዳኛ ማግኘት ይከብዳል።

የእርስዎም ግዴታ አለ። ውሻዎ ሰው ቢነክስ፣ በቁጥር 3342 ባለቤቱ ቀድሞ ነክሶ የማያውቅ ውሻ ነው ብሎ ማምለጥ አይችልም፤ እርስዎ ላሊበላ ቢሆኑም። በ2006 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የማቆያ ሠራተኛ በዚህ አንቀጽ ባለቤቱን መክሰስ አይችልም ብሏል፤ አደጋው የሥራው አካል ነውና። ይህ ከለላ ግን የውሻውን አደገኛ ጠባይ ለደበቀ ባለቤት አይሠራም። «ሕፃን ሲያይ ይቆጣል»፣ «ምግቡን ሲነኩበት ያጉረመርማል» ብለው በቅጹ ላይ ይጻፉ። ተቀባይ አጣለሁ ብሎ ዝም ማለት ውሻውንም ሠራተኛውንም ይጎዳል።

ወደ ወጪው እንምጣ። ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ የሚታወጅ ዋጋ ከመንግሥት ግብር በቀር ግዴታ የሆነውን ክፍያ ሁሉ ማካተት አለበት። «የጽዳት»፣ «የምዝገባ» እያሉ ቆይቶ የሚጨመር ግዴታ ክፍያ ካዩ ይህን ሕግ ያንሱ። በራስ ምርጫ የሚጨመረው ግን ለየብቻ ሊሰላ ይችላል፤ ሂሳቡን የሚያሳብጠውም እሱ ነው። በሌሊት 60 ዶላር ነው እንበል፤ 21 ሌሊት 1,260 ይሆናል። ማቆያው በሌሊት ፋንታ በቀን የሚቆጥር ከሆነ ቆይታው 22 ቀን፣ ሂሳቡ 1,320 ነው። ለመድኃኒት መስጫ በቀን 5 ዶላር ቢጨመር 1,430 ደረሰ። ዘግይቶ ለመውሰድ የሚከፈለውን፣ ክትባት ያላሟላ ውሻ ምን እንደሚጠየቅ፣ ቀብድ መቼ እንደማይመለስ አስቀድመው ይጠይቁ። ከማቆያው ትክክለኛ ኪሳራ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የመሰረዣ ቅጣት በቁጥር 1671 ሊፈርስ ይችላል።

ሲመለሱ ያልተስማሙበት ሂሳብ ቢጠብቅዎ ደጃፉ ላይ አይጣሉ። ማቆያው እስኪከፈለው ድረስ ውሻውን ይዞ የመቆየት መብት ሊኖረው ይችላል፤ የሚጨምረው ቀንም ሌላ ሂሳብ ሊያመጣ ይችላል። ደረሰኙ ላይ «በተቃውሞ የተከፈለ» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ ከፍለው ውሻዎን ይውሰዱ። ከዚያ ገንዘብዎን በደብዳቤ ይጠይቁ፤ እምቢ ካሉ ስሞል ክሌምስ በሚባለው ፍርድ ቤት ይክሰሱ። ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ሊጠይቅበት ይችላል፤ የመክፈቻው ክፍያ እንደ ገንዘቡ መጠን ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው። በችሎቱ ጠበቃ ስለማይቆም ማቆያውም በጠበቃ አይመጣብዎትም። አማርኛ አስተርጓሚ ካስፈለገዎ ክሱን ሲያስገቡ ለጸሐፊው ያመልክቱ። ውሉን፣ ኢሜይሎቹን፣ የሐኪሙን ደረሰኝና ውሻውን ባስረከቡበት ቀን ያነሱትን ፎቶ አትመው ይዘው ይቅረቡ፤ ውሻው በደህና ሁኔታ መሰጠቱ ከታየ፣ ተጎድቶ ለምን እንደተመለሰ ማስረዳት የማቆያው ፋንታ ይሆናል።