የማርፋን ሕመምን ምልክቶች እቤት ውስጥ እንዴት እንለይ?

ቁመቱ ዘለግ፣ ጣቱ ረዘም፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ልጅ በእኛ ዘንድ «ሎጋ» እየተባለ ይወደሳል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። በአብዛኛው ልክ ነው፤ ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት ፍጹም ጤነኞች ናቸው፣ መልኩን ከወላጆቻቸው ወርሰውት ነው። ጥቂቶቹ ግን የቁመታቸው ምክንያት ሌላ ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስተሳስረው፣ የዓይንን ሌንስ በቦታው የሚያቆየው፣ የደም ሥርን ግድግዳ አጥብቆ የሚይዘው አያያዥ ህብረ ሕዋስ ከልደት ጀምሮ ደካማ ሆኖባቸው ነው።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ሕመሞች በስፋት የሚታወቀው የማርፋን ሕመም ነው። ስሙን ያገኘው በ1896 እ.ኤ.አ. አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ መርምሮ ምልክቶቹን ከጻፈው ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪም ከአንቷን ማርፋን ነው። ከ5,000 ሰው አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል፤ ወንድ ሴት፣ ጥቁር ነጭ አይልም። መነሻው ፋይብሪሊን የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው።

አደጋው ያለው በእጅ ወይም በእግር ሳይሆን በአዎርታ ላይ ነው፤ ከልብ ወጥቶ ደምን ለመላ ሰውነት በሚያከፋፍለው ትልቁ የደም ቧንቧ። ግድግዳው ብዙ ጊዜ ተወጥሮ እንደላላ የሱሪ ላስቲክ ቀስ በቀስ ይሰፋል። ሲሰፋ አያምም፣ አያስልም፣ አያተኩስም። የተሰነጠቀ ዕለት ግን ሕይወት በሰዓታት ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ፍተሻ ሁሉ ዓላማው አንድ ነው፤ የልብ አልትራሳውንድ፣ ሐኪሞች «ኢኮ» የሚሉትን ምርመራ ማን መነሣት እንዳለበት ማወቅ። «አለብህ» ወይም «የለብህም» ብሎ የሚፈርደው ሐኪም ነው።

የሚያስፈልገው የልብስ ሰፊ ሜትር፣ እርሳስ፣ ወረቀትና ብርሃን ያለው ክፍል ነው። የሚታየው ልጅ ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ከሆነ ፈቃዱን ይጠይቁ፤ ደረቱንና ጀርባውን የሚያየው የሚቀርበው ሰው ይሁን። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በሰውነቱ ከተሳቀ ሁለተኛ አያሳይም።

አንደኛ፦ የቤተሰቡን ታሪክ ይጠይቁ

ሜትሩን ከማንሣትዎ በፊት አያቶችን ያነጋግሩ። ወላጆች የማያውቁትን እነሱ ያውቃሉ። በወጣትነቱ ወይም በጎልማሳነቱ በድንገት የሞተ ዘመድ አለ? «ብርድ መታው»፣ «ደረቴን እንዳለ አረፈ»፣ «ደህና ውሎ ማታ ሞተ» የሚባልለት ሰው ካለ ስሙን፣ ዝምድናውንና ዕድሜውን ይጻፉ። የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ በልጅነቱ የዓይን ሌንሱ ከቦታው የተንሸራተተ፣ ሳንባው ድንገት አየር የተነፈሰበት ዘመድ ካለም እንዲሁ።

ሕመሙ ካለበት ወላጅ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። የቤተሰቡ ታሪክ ንጹሕ ነው ብለው ግን አይዝጉት፤ ከአራት ሕሙማን አንዱ ገደማ በቤተሰቡ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛ፦ ቁመትና ክንድ ይለኩ

ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቶ ይቁም፤ ቁመቱን ይለኩ። ከዚያ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ሁለት ክንዶቹን ወደ ጎን እስከ መጨረሻ ይዘርጋ። ከአንዱ እጅ መሐል ጣት ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለውን ይለኩና ለቁመቱ ያካፍሉት። ውጤቱ ከ1.05 በላይ ከሆነ ይመዝገብ። ለምሳሌ ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የክንዱ ስፋት ከ189 ካለፈ ማለት ነው።

በዚህ ቁጥር ብቻ አይደንግጡ። እጅና እግረ ረጅምነት በብዙ አፍሪካውያን ዘንድ ተፈጥሮ ነው። ሐኪሞችም የላይኛውን የሰውነት ክፍል ርዝመት ከታችኛው ጋር ሲያነጻጽሩ ለጥቁር አዋቂዎች የሚጠቀሙት መነሻ 0.78፣ ለነጮች ደግሞ 0.85 ነው። ውጭ አገር የምትኖሩ ወላጆች ልጃችሁ በነጮች መለኪያ ተለክቶ «ረጅም ነው» ቢባል ይህን ልዩነት አንሡ።

ሦስተኛ፦ እጁን በደንብ ይዩ

ከሁሉም የሚጠቅመው ፍተሻ ይሄ ነው፣ በደቂቃም ያልቃል።

ልጁ አውራ ጣቱን መዳፉ ውስጥ አጋድሞ በአራቱ ጣቶቹ ይጨብጠው። ጭብጡን ከትንሿ ጣት በኩል ይመልከቱ። የአውራ ጣቱ የመጨረሻ አንጓ ጥፍሩን ጨምሮ ሙሉ በሙሉ ከመዳፉ ጠርዝ ወጥቶ ከታየ ምልክቱ አለ። የጥፍሩ ጫፍ ብቻ ብቅ ማለቱ አይቆጠርም። ሲሞክር በሌላኛው እጁ አውራ ጣቱን ገፋ አድርጎ ቢረዳውም ይቆጠራል።

ቀጥሎ በቀኝ እጁ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት የግራ እጁን አንጓ፣ ሰዓት የሚታሰርበትን ቦታ፣ ይክበበው። አውራ ጣቱ የትንሿን ጣት ጥፍር እንዳለ ከሸፈነው ሁለተኛው ምልክትም አለ። ጫፍ ለጫፍ መነካካት ብዙ ቀጭን ሰው የሚችለው ነገር ነው። ሁለቱንም እጆች ይሞክሩ፤ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ለሐኪሙ ከቃል ይልቅ ፎቶው ይናገራል።

በ2010 እ.ኤ.አ. የተሻሻለውና በቤልጅየሟ ጌንት ከተማ ስም የሚጠራው የሐኪሞች መመዘኛ ለሁለቱ የእጅ ምልክቶች አንድ ላይ ሲገኙ 3 ነጥብ፣ አንዱ ብቻ ሲገኝ 1 ነጥብ ይሰጣል። በዚህ መመዘኛ የአካል ምልክቶች ድምር 7 ሲደርስ ትልቅ ትርጉም አለው።

አራተኛ፦ ደረት፣ ጀርባ፣ እግርና ቆዳ

ደረቱን ከፊትም ከጎንም ይዩ። መሐሉ ወደ ፊት ሾሎ ከወጣ 2 ነጥብ፣ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ወይም ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ 1 ነጥብ ነው።

ከዚያ እግሮቹን ገጥሞ፣ እጆቹን አንጠልጥሎ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል። ከኋላው ሆነው በዓይንዎ ከጀርባው እኩል ዝቅ ይበሉ። አንዱ ወገን ከሌላው ከፍ ብሎ ጉብታ ከሠራ የጀርባ አጥንቱ ጠሟል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀና ሲል ያልታየ መጣመም በዚህ ጊዜ ይታያል። የጠመመ ጀርባ ቁመትን ስለሚያሳጥር የክንዱን ስሌት እንደሚያዛባም ያስታውሱ።

የእግሩ መዳፍ ቅስት ጠፍቶ ጠፍጣፋ መሆኑን እርጥብ እግሩን ሲሚንቶ ላይ በማስረገጥ ያያሉ። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ከተጣመመ ደግሞ ይበልጥ ይመዝናል። ክንዱ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ የማይቃና ክርንም ይመዝገብ። ሳይወፍር ሳይከሳ፣ ወይም ሳታረግዝ፣ በወገብ፣ በትከሻ ወይም በብብት አካባቢ የወጣ ሸንተረር ከምልክቶቹ አንዱ ነው።

አምስተኛ፦ ዓይን

የማርፋን ሕመም ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት የዓይን ሌንሱ ከቦታው ይንሸራተታል። ይህ በመስታወት አይታይም፤ የዓይን ሐኪም ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ ነው የሚያየው። እቤት የሚታየው ውጤቱ ነው። ልጁ ደብተሩን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ያነባል? ሰሌዳው አይታየኝም ይላል? መነጽሩ በየጊዜው ይቀየራል? የመነጽሩ ቁጥር ከማይነስ 3 ካለፈ በመመዘኛው 1 ነጥብ አለው፤ ወረቀቱን ይያዙ።

ሌንሱ መንሸራተቱ በሐኪም ከተረጋገጠ ሌላ ምልክት ሳይጠብቁ ወደ ልብ ሐኪም ይሂዱ። ብልጭታ፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ከታየ ደግሞ የዓይን መጋረጃ መላቀቅ ሊሆን ስለሚችል በዕለቱ ሐኪም ማየት አለበት።

ስድስተኛ፦ መቼ ሐኪም ዘንድ?

አንድ ምልክት ብቻ፣ ለምሳሌ ጠፍጣፋ እግር ወይም ቁመት፣ ከተገኘ ሌላ ካልተጨመረበት የሚያሳስብ አይደለም። እኔ የምመክረው ከሁለት የተለያዩ የአካል ክፍሎች ምልክት ሲገኝ፣ ማለትም እጅና ደረት፣ ወይም እጅና ዓይን፣ ወይም ጀርባና የቤተሰብ ታሪክ ሲጋጠሙ መሄድን ነው። ሁለቱም የእጅ ምልክቶች ካሉ እነሱ ብቻቸውን ይበቃሉ። በሕፃንነት ያልነበረ ምልክት በጉርምስና ስለሚወጣ አጠራጣሪ የሆነ ልጅ በየዓመቱ እንደገና ይታይ።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደርሱ «ልቡን እዩልኝ» ብቻ አይበሉ። በአገራችን በወጣት ልብ ላይ ያልተለመደ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የሚታሰበው በጉሮሮ ሕመም ሰበብ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ እሱ በእጅጉ ስለሚበዛ መታሰቡ ትክክል ነው። የማርፋን ሕመምም ግን የልብን በር ያላላል። ስለዚህ ያዩትን ምልክት በዝርዝር ይንገሩና «የአዎርታው መነሻ ስፋት ይለካልን፣ ቁጥሩም ይጻፍልን» ብለው ይጠይቁ። ይህ ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ካልተወዳደረ ምርመራው ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። የኢኮ ምርመራ በጥቁር አንበሳና በሌሎች ትልልቅ ሆስፒታሎች፣ በግል የልብ ክሊኒኮችም ይሰጣል። የዘረ መል ምርመራ ጥሩ ነው፣ ግን እሱ እስኪገኝ ብሎ ኢኮን ማዘግየት አይገባም።

ሕመሙ ከተገኘ መፍትሔ አለ። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል፣ ወይም እንደ ሎሳርታን ያሉ መድኃኒቶች የአዎርታውን መስፋት ያዘገያሉ። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ አንዳንዴም ቀደም ብሎ፣ ሳይሰነጠቅ በቀዶ ሕክምና ይተካል። በ1972 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የሕሙማኑ አማካይ የሞት ዕድሜ 32 ነበር። ዛሬ ክትትል ያለው ሰው ሸምግሎ የልጅ ልጅ ማየት ይችላል።

ውጤቱ እስኪመጣ

ክብደት ማንሣት፣ ትግል፣ ቦክስ፣ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ይቁሙ። መራመድና ቀለል ያለ እንቅስቃሴ አይከለከልም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ይቅር።

ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የተባሉትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በታኅሣሥ 2018 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል፤ የማርፋን ሕመም ላለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እያለ መታዘዝ የለባቸውም፣ አዎርታን ሊጎዱ ይችላሉ። እኛ ጋ ለተቅማጥና ለሽንት ቧንቧ ሕመም ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገዙ ይህን ለፋርማሲስቱም ይንገሩ። ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ የልብ ሐኪም ታማክር፤ እርግዝና አዎርታውን ያስጨንቃል፣ ሎሳርታንም ለጽንስ አይሆንም።

ጊዜ የማይሰጠው ምልክት

ድንገት የመጣ፣ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የበረታ፣ የሚቀድ ወይም የሚሰነጥቅ የሚመስል የደረት፣ የጀርባ ወይም የሆድ ሕመም፤ ከሱ ጋር ራስን መሳት፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛል፣ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር። ይህ ሲሆን ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ሲታሽ ወይም ሻይ ሲፈላ ጊዜ አይለፍ። በኢትዮጵያ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በእስራኤል 101 ይደወላል። ለተረኛው ሐኪም የሚነገረው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፦ «የማርፋን ሕመም አለበት፣ ወይም ተጠርጥሮበታል፤ አዎርታው ተሰንጥቆ እንደሆነ በሲቲ ስካን ይታይ።» ይህ ካልተነገረ እንደ ተራ የልብ ድካም ታይቶ ደም ማቅጠኛ ሊሰጠው ይችላል፤ በተሰነጠቀ አዎርታ ላይ ያ ይጎዳል። «ሬንት» የተባለውን የሙዚቃ ቴአትር የጻፈው አሜሪካዊ ጆናታን ላርሰን በ1996 እ.ኤ.አ. የደረት ሕመም ይዞት በኒውዮርክ ሁለት ሆስፒታሎች ሄዶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። በ35 ዓመቱ፣ ሥራው ለሕዝብ ሊታይ በነበረበት ዕለት ንጋት ላይ፣ አዎርታው ተሰንጥቆ ሞተ።

አንድ ሰው ከተገኘበት በኋላ

ፍተሻው በእሱ አያበቃም። ወላጆቹ፣ እኅት ወንድሞቹና ልጆቹ ሁሉ ምልክት ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ኢኮ ይነሡ፤ በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ሕመሙ በአንዱ ላይ ጎልቶ፣ በሌላው ላይ ተደብቆ ይኖራል። በ1984 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክ ለአሜሪካ የብር ሜዳልያ ያስገኘችው ባለ 1.96 ሜትሯ የመረብ ኳስ ተጫዋች ፍሎ ሃይማን በ1986 ጃፓን ውስጥ ውድድር ላይ ሳለች ወድቃ ስትሞት 31 ዓመቷ ነበር፤ ሕመሙ እንዳለባት የታወቀው አስከሬኗ ሲመረመር ነው። ከዚያ በኋላ ወንድሟ ተመረመረ፣ እሱም ላይ ሕመሙ ተገኘ፣ በጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በቤትዎ ምልክቱ ያለበት ሰው ካገኙ ለወንድም ለእኅቱም ዛሬውኑ ቀጠሮ ያስይዙ።