የናኖ ቅንጣቶች ስፍራ በብሎክ ኮፖሊመር ውስጥ፦ የሽፋንና የመጠን ሚና

መግቢያ

ባሕርያቸው የተለያየ ቁሶችን አዋህዶ ድቅል ቁስ መሥራት ለቁስ ሳይንስ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄው የሚከብደው ውህደቱ በናኖሜትር ልኬት ሥርዓት እንዲኖረው ሲፈለግ ነው። በዚህ ልኬት ቅንጣቶችን አንድ በአንድ እያነሡ ማስቀመጥ ለሰፊ ምርት አያዋጣም፤ ስለዚህ ቁሱ ራሱን በራሱ እንዲያደራጅ ማድረግ ተመራጭ መንገድ ነው። ይህ ጽሑፍ ብሎክ ኮፖሊመር ናኖ ቅንጣቶችን እንዴት እንደሚያደራጅ ያብራራል። የቅንጣቱን ስፍራ የሚወስኑት ሽፋኑና መጠኑ በአንድነት እንጂ አንዳቸው ብቻቸውን እንዳልሆኑም ያሳያል።

የብሎክ ኮፖሊመር አደረጃጀት

ብሎክ ኮፖሊመር የተለያዩ የፖሊመር ሰንሰለቶች ጫፍ ለጫፍ በኬሚካዊ ትስስር የተያያዙበት ሞለኪውል ነው። ሰንሰለቶቹ እንደ ዘይትና ውሃ አይስማሙም፤ ነገር ግን የተሳሰሩ በመሆናቸው ፈጽመው ሊለያዩ አይችሉም። በመሆኑም መለያየታቸው በአሥር ናኖሜትሮች በሚቆጠር ርቀት ተገድቦ ተደጋጋሚ ቅርጽ ይፈጥራል። የሁለቱ ብሎኮች ይዘት ሲመጣጠን ተነባባሪ ንጣፎች፣ አንደኛው ሲያንስ ሲሊንደሮች፣ ይበልጥ ሲያንስ ደግሞ ሉሎች ይገኛሉ። ሉድቪክ ላይብለር እ.ኤ.አ. በ1980 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ እኩል ይዘት ባላቸው ብሎኮች ይህ ሥርዓት የሚጀምረው የሰንሰለቱ ርዝመት በብሎኮቹ ያለመስማማት መጠን ሲባዛ ከ10.5 ገደማ ሲያልፍ ነው።

የሽፋን ሚና

ቅንጣቱ ወደሚስማማው ብሎክ እንዲገባ ገጽታው መዘጋጀት አለበት። በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኤድዋርድ ክሬመር የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ይህን በወርቅ ቅንጣቶች አሳይቷል። የተጠቀሙት ኮፖሊመር ፖሊስታይሪንና ፖሊቫይኒልፒሪዲን የተያያዙበት ነበር። በፖሊስታይሪን የተሸፈኑት ቅንጣቶች በፖሊስታይሪኑ ቀጠና፣ በፖሊቫይኒልፒሪዲን የተሸፈኑት በሌላው ቀጠና ሰፈሩ። የሁለቱን ቅልቅል ሽፋን የለበሱት ግን በቀጠናዎቹ ወሰን ላይ ተሰለፉ። ወርቁ ያው ወርቅ ነው፤ የተለወጠው ልብሱ ብቻ ነው።

የመጠን ሚና

ይሁን እንጂ ሽፋን ብቻውን በቂ መልስ አይሰጥም። ቅንጣቱ ከቀጠናው ስፋት አንጻር ትልቅ ከሆነ ሰንሰለቶቹ ዙሪያውን ለማለፍ ይለጠጣሉ፤ ይህም የመንቀሳቀስ ነፃነታቸውን፣ ማለትም ኤንትሮፒያቸውን፣ ይቀንሳል። ጉዳቱ የሚያንሰው ትልቁ ቅንጣት የሰንሰለቶቹ ጫፎች በሚገናኙበት በቀጠናው መሐል ሲቀመጥ ነው። ትንንሾቹ ቅንጣቶች ግን ሰንሰለቶቹን ብዙም ስለማያስጨንቁ ይበተናሉ፣ ወደ ወሰኑም ይጠጋሉ። አና ባላዝስና ባልደረቦቿ ይህን እ.ኤ.አ. በ2001 በስሌት ተነበዩ። ከሁለት ዓመት በኋላም በአንድ ኮፖሊመር ውስጥ ትልልቅ የሲሊካ ቅንጣቶች በመሐል፣ ትንንሽ የወርቅ ቅንጣቶች በወሰን ላይ እንደሚሰፍሩ በሙከራ ታየ።

ከሥርዓት ወደ ጥቅም

ፕላቲነም ውድ ብረት ነው፤ ለኬሚካዊ ለውጥ አፋጣኝነት የሚያገለግለውም በገጽታው ላይ ያለው አቶም ነው። ስለዚህ ጠጣር ከሆነው ይልቅ በናኖ ቀዳዳዎች የተሞላ ፕላቲነም ይመረጣል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ኡልሪክ ቪስነር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2008 ተስማሚ ሽፋን የለበሱ የፕላቲነም ቅንጣቶችን ከብሎክ ኮፖሊመር ጋር አደራጀ። ፖሊመሩ በሙቀት ወደ ካርቦን ተለውጦ ካርቦኑ ሲወገድ ሥርዓት ያላቸው ቀዳዳዎች የተሞሉበት ብረት ቀረ። እዚህ ላይ የቅንጣቱ ብዛትም ወሳኝ ነው፤ ብረቱ ካነሰ ፖሊመሩ ሲወገድ ቅርጹ ይፈርሳል።

መደምደሚያ

ከላይ ከቀረቡት ሥራዎች የምንረዳው፣ የድቅሉ ቁስ ዕጣ የሚወሰነው ገና ከመቀላቀሉ በፊት መሆኑን ነው። የቅንጣቱ ሽፋን ከየትኛው ብሎክ ጋር ይስማማል? መጠኑ ከቀጠናው ስፋት አንጻር ምን ያህል ነው? ብዛቱስ ቅርጹን ሳያፈርስ ይበቃል? እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የተቀላቀሉ ቅንጣቶች እርስ በርሳቸው ይጓጉላሉ፤ ያ ከሆነ በኋላ የቱንም ያህል ቢሞቅ ወይም ቢቆይ ፖሊመሩ ሊያስተካክላቸው አይችልም።