ልጁን ከማስተኛትሽ በፊት፦ ለጀማሪዋ የሰመመን ባለሙያ

ልጄ፣ ድሬዳዋ ተመድቤያለሁና ምከሩኝ ብለሽኛል። ስለ ሙቀቱ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ የምመክርሽ በሥራ ዘመንሽ ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚገጥምሽ፣ ሲገጥምሽ ግን ችኮላን ስለማይምር ሕመምተኛ ነው። በሽታው ሙኮፖሊሳካራይዶሲስ ይባላል፤ በዘር ይወረሳል። አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድል መፈራረስ የነበረበት ንጥረ ነገር በየአካሉ ይጠራቀማል። ምላስ፣ ቶንሲልና የአየር ቧንቧ ግድግዳ ይወፍራሉ፤ መተንፈሻው ይጠባል።

1. ሳይነግሩሽ ለዪው። ልጁ የበሽታው ስም ተጽፎለት አይመጣም፤ ብዙ ጊዜ ለቡአ ወይም ለገፋ እንብርት ቀዶ ጥገና ነው የሚመጣው። ወፍራም የፊት ገጽታ፣ ትልቅ ምላስ፣ አጭር አንገት፣ የማይዘረጉ ጣቶች፣ የደፈረሰ ዓይን ካየሽ ቆም በይ። ያበጠ ጣፊያ ሲዳሰስ በእኛ አካባቢ መጀመሪያ ወባ ይታሰባል። መታሰቡ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ላይ አትቁሚ።

2. እናቱን ስለ እንቅልፉ ጠይቂ። ያንኮራፋል? ትንፋሹ ቁርጥ ይላል? ካልተቀመጠ አይተኛም? አማርኛ ካልሆነላት ሶማሊኛ ወይም ኦሮምኛ የሚችል ባልደረባ ጥሪ። እንጥሉን አስቆርጠውት እንደሆነም ጠይቂ፤ መቁረጡ ለመድማትና ለቁስለት እንጂ ለፈውስ እንደማይሆን በአክብሮት አስረጂ።

3. ስለ ዝምድና ስትጠይቂ አትፍረጂ። የአፋሮች አብሱማ የአክስትና የአጎት ልጆችን ያጋባል፤ ይህ ባህል ነው። አንቺ ማስረዳት ያለብሽ አብዛኞቹ የበሽታው ዓይነቶች ከሁለቱም ወላጅ የሚወረሱ መሆናቸውንና ጂኑን ሁለቱም ከተሸከሙ በየእርግዝናው የታመመ ልጅ የመወለድ ከ4 አንድ ዕድል መኖሩን ነው።

4. አንገቱን አትመኚ። በተለይ ሞርኪዮ በሚባለው ዓይነት የላይኞቹ የአንገት አጥንቶች ይላላሉ፤ ወደ ኋላ ማጠፍ ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሰው ጭንቅላቱን ቀጥ አድርጎ ይያዝልሽ። የልብ ቫልቭም ስለሚጎዳ የልብ አልትራሳውንድ ይቅደም።

5. የራሱን ትንፋሽ አትንጠቂው። አስቀድሞ የሚያደነዝዝ መድኃኒት አትስጪ። በማስክ አየር መግባቱን በዓይንሽ ሳታዪ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት አትወጊ። ከዕድሜው ያነሱ ቱቦዎች፣ ላሪንጂያል ማስክና ካለ ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ አጠገብሽ ይሁኑ። ጉሮሮ በስቼ አድነዋለሁ ብለሽ አትጽናኚ፤ አንገቱ አጭር፣ ቧንቧው ጥልቅ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ከመጀመሪያው ይወቅ፤ ከጎንሽም ይቁም።

6. ቱቦውን ማውጣትን ከማስገባቱ እኩል ፍሪው። በደንብ ሳይነቃ አታውጪ፤ ሌሊቱን ኦክስጅን ባለበት፣ ሰው ዓይኑን በማይነቅልበት ክፍል ይደር።

7. መላክን እንደ ሽንፈት አትቁጠሪው። የማያስቸኩል ቡአ ይጠብቃል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ከድሬዳዋው ድል ጮራ ሆስፒታል ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከመላክሽ በፊት ደውለሽ ተቀባይና መሣሪያ መኖሩን አረጋግጪ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናቸው፤ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ አየሩ ይሳሳል። ስለዚህ ኦክስጅንና በማስክ አየር መስጠት የሚችል ሰው አብረው ይሂዱ፤ ለጉዞው ተብሎ ማስተኛ አይሰጠው።

8. ያየሽውን ጽፈሽ ለእናቱ ስጪ። የቱ ቱቦ ገባ? ምን አስቸገረ? ካርድ ይጠፋል፤ እናት የያዘችው ወረቀት ግን ለቀጣዩ ባለሙያ ይደርሳል። ዕድሜው ሲጨምር መተንፈሻው ይበልጥ ስለሚያስቸግር አምና ቀላል ነበር ማለት ዘንድሮ ዋስትና አይሆንም። ከ2003 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለአንደኛው ዓይነት በየሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጥ ኢንዛይም አለ፤ ዋጋው እጅግ ውድ ነው፣ ያገኘውም ልጅ ቢሆን ለሰመመን ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ልጄ፣ በዚህ ሥራ ጥሩ ባለሙያ የሚባለው እጁ የፈጠነው አይደለም፤ «ዛሬ አላስተኛውም» ለማለት የሚደፍረው ነው። ቀዶ ሐኪሙ ቢቆጣ፣ ተራ ቢዛነፍ፣ ሳትዘጋጂ አታስተኚ።